የሩቅ መንገድ ወንበር

ወንድሜ የመኪና ወንበር ሠሪ ነው። የሰፈሩ ሰው «አስቀማጩ» ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምትለው፤ ሲያናድዳትም ሲያስቃትም ያው «አንተ ሰውዬ» ነው። ስለ እሱ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። አንዳንዱ ጅል ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሚስቱን እንደ ንግሥት የተንከባከበ ባል እያለ ከንፈሩን ይመጥጥለታል። ሁለቱም አያውቁትም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ መርፌ ስወጋ የኖርኩት።

የምንሠራው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አንድ የቆዳ መስፊያ ማሽን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ ልብሳቸው የተገፈፈ ወንበሮች፣ በየጥጉ የስፖንጅ ቁርጥራጭ። ማስቲሹ ስለሚሸት አዲስ ሰው ገብቶ ብዙ አይቆይም፤ እኛ ግን ለምደነዋል። እሱ ይቆርጣል፣ ይወጥራል፤ እኔ እሰፋለሁ።

እጁ ወርቅ ነው፤ ይሄን ጠላቱም አይክድም። ችግሩ ሥራ ከእጁ አለመውጣቱ ነው። ጨርቁ ተቀደደብኝ ብሎ የመጣን ባለታክሲ አስቀምጦ፣ በቀን ምን ያህል ትነዳለህ፣ ሲመሽ የትኛው ጎንህን ያምሃል፣ የኋላ ኪስህ ውስጥ ቦርሳ ታስቀምጣለህ ወይ እያለ ይመረምረዋል። አንዱ እንደውም «ጋሼ፣ ጨርቅ ቀይርልኝ ነው ያልኩት፤ ልጅህን ልትድርልኝ ነው እንዴ?» ብሎ አስቆናል። ሥራው አልቆ ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ ጋሼ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ «ነገ ና» ይላል። አንድ ነገር ቆንጥጦታል ማለት ነው። እኔ ስፌቱን መፍታት እጀምራለሁ፤ ሰውየው መሳደብ ይጀምራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ጋሼ፣ ምንም ሳይመስለው።

ሚስቱን እትዬ ነበር የምላት። የማዘጋጃ ቤት ስልክ ተቀባይ ነበረች። ድምጿን ሰምቶ መልኳን ሊያይ የመጣው ስንቱ ነው መሰላችሁ፤ ጋሼም ከነሱ አንዱ ነበር። ስለ ውሃ ቧንቧ ሊጠይቅ ደውሎ፣ መልሱን ሲያገኝ ስልኩን መዝጋት አቃተው ትል ነበር። ልጅ አልወለዱም። እኔ ነበርኩ ልጃቸውም፣ እህታቸውም፣ ሲጣሉ ዳኛቸውም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል ለመሥሪያ ቤቷ ወንበር ሠራላት። አለቃዋ አንድ ቀን ተቀመጠበትና አልነሳም አለ፤ ለራሱ ቢሮ ወሰደው። ጋሼ ሌላ ሠራላት፤ እሱን ደግሞ ከጠረጴዛው እግር ጋር በሰንሰለት አሰረችው።

ከዚያ ወገቧን ማመም ጀመራት። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ዕድሜ ነው ተባለ። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር፤ አንድ ሰሞን ተሽሏት ስትቀልድብን ትከርምና በማግሥቱ ከአልጋ መውረድ ያቅታታል። ቀኝ እግሯ መደንዘዝ ሲጀምር የከተማችን ሐኪም ፎቶ አስነሳትና አከርካሪዋ አጠገብ የበቀለ ነገር እንዳለ ነገረን። እሱን የሚያወጡት ሐኪሞች ያሉት ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ ጎህ ሲቀድ የተነሳ አውቶቡስ ማታ የሚገባበት ሩቅ ከተማ። «አሁን ትንሽ ስለሆነ ይወጣል። ቶሎ ውሰዳት» አለው ለጋሼ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቶሎ የሚለውን ቃል ሁለታችንም ሰምተናል።

ደግሞም አልዘገየም፤ በዚያው ሳምንት ሦስታችን በአውቶቡስ ተነሳን። ከከተማው እንደወጣን ጀመራት። አስፋልቱ ጥገና የበዛበት ነው፤ የአውቶቡሱ ወንበር ደግሞ ብረት ላይ የተወጠረ ላስቲክ። እትዬ የምትጮህ ሴት አልነበረችም። የፊቷን ወንበር ብረት ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ብዙ ቆየች። ጎማው አንድ ጉድጓድ ሲመታ ግን ከሰው የሚወጣ የማይመስል ድምፅ አወጣች። ሹፌሩ ደንግጦ ቆመ። ጋሼ ተሸክሟት ወረደ፤ እኔ ሻንጣውን ይዤ ተከተልኩ። አውቶቡሱ ጥሎን ሄደ። መንገድ ዳር ሳር ላይ አስተኛት፤ እሷ ታቃስታለች፣ እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። «ሁለተኛ እንዲህ አድርጌ አልወስድሽም» አላት። ማለ። ጉዱን ሁሉ ያመጣው ያ መሐላ ነው።

አሁን ስለ መኪናው ልንገራችሁ። መኪናው ከዚያ በፊት ጀምሮ እኛ ግቢ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ወንበሩን እንድናድስላቸው አምጥተውት ዓይናቸው ደከመና መንዳት ተከለከሉ፤ መኪናውም በዚያው ቀረ። ሁለት በር ነው፤ መሬት የተጠጋ፣ ኮፈኑ የረዘመ፣ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ። የጋራዡ ባለቤት ወሬ ከጀመረ ስለማይቆም ፍሬን የለሽ የምንለው መካኒክ ነው። እሱ ባየው ቁጥር «ይሄ የመሰለ ስፖርት መኪና እዚህ ቆሞ ሲበሰብስ አንጀቴ ያራል» ይል ነበር።

አንድ ቀን ሐኪሙ ሰሙት። መኪናቸውን ሊጠይቁ፣ እንደ ታመመ ዘመድ፣ አልፎ አልፎ ይመጡ ነበር። «ስፖርት አይደለም ልጄ» አሉት፣ ጣሪያውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ።

«ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ ትልቅ፤ ታዲያ ስፖርት ካልሆነ ምንድነው ዶክተር?»

«ግራንድ ቱሪንግ ይባላል። የሩቅ መንገድ መኪና በለው።» በርጩማ አቀረብኩላቸውና ተቀመጡ። «ስፖርት መኪና የሹፌሩ መጫወቻ ነው። እንዲቀል ተብሎ ያለው ሁሉ ተነቅሎ ይጣልለታል። ወንበሩ ስስ፣ ሞላው ድርቅ ያለ፣ ድምፁ ጆሮ የሚበጥስ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ንጉሥ ያደርግሃል፤ ከዚያ በኋላ ወጌሻ ትፈልጋለህ።»

«የቤት መኪናስ?» አለ ፍሬን የለሽ።

«እሱ አራት በር፣ አምስት ሰው፣ ልጅ፣ አስቤዛ፣ ሁሉን ይችላል፤ ግን ሁሉን በልኩ ነው። በሩቅ መንገድ አጥብቀህ ስትነዳው ይወዛወዛል፣ ሞተሩም ያለቅሳል። ጂፕ ለድንጋይ ነው። ያ ረጅሙ የባለሥልጣን መኪና ደግሞ ኋላ ለተቀመጠው ሰው እንጂ ለነጂው አልታሰበም። ይሄ የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ጠዋት ተነስቶ፣ በፍጥነት ሄዶ፣ ማታ ሌላ አገር ሲደርስ ድካም እንዳይሰማው። ትልቅ ሞተር አለው፣ ግን አይጮህም። ሰልባትዮው ሰፊ ነው፤ በየመንገዱ ነዳጅ ፍለጋ አትቆምም።»

«ኋላም ወንበር አለው እኮ» አልኳቸው እኔ።

«እሱ ለኮት ነው ልጄ። ወይ ለጠላት።» ሳቅን። ከዚያ ጋሼን ፈልገው ፊታቸውን አዞሩ። «እንዲህ ያለ መኪና በፍጥነቱ አይመዘንም። ከሩቅ መንገድ በኋላ ስትወርድበት ነው የሚመዘነው። ቀጥ ብለህ ከቆምክ መኪናው እውነተኛ ነው።»

ከአውቶቡሱ የተመለስን ዕለት ጋሼ ቀጥታ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ቤት ሄደ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ የነገረኝ የሳቸውን መልስ ብቻ ነው። «ውሰዳት፤ ለዚህ ነው የተሠራው» ብለው ቁልፉን በእጁ አስጨበጡት።

ፍሬን የለሽ አፉ ቢበዛም ሥራ ያውቃል። ካምቢዮውን አወረደ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ ፍሬኑን አደሰ፣ ጎማ ከየትም ከየትም ብሎ አገኘ። ሞተሩን ያስነሳ ቀን ግቢው ውስጥ ሄደን ቆምን፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን እውነትም አይጮህም። «በቃ፣ አልቋል። ነገ ጫናትና ሂድ» አለው ለጋሼ።

«ወንበሩ ይቀራል» አለ ጋሼ።

የወንበሩ ነገር እንዲህ ነው። የድሮው ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ስፖንጁ ዱቄት ሆኗል። ጋሼ ሁሉንም ገፎ የነጂውን ጎን እንደነገሩ አለበሰው፤ የሷን ጎን ግን ከባዶ ብረት ጀመረ። ሞላዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አለሳለሳቸው። ከበላያቸው ሦስት ዓይነት ስፖንጅ ደረደረ፤ ከታች ጠንካራ፣ መሐል መካከለኛ፣ ላይ ልፍስፍስ። የወገቧን ጉብጠት ለመያዝ ከኋላ ትራስ ቀረጸ። እትዬን ከቤት በቀስታ አምጥቶ ያስቀምጣትና አጠገቧ ተንበርክኮ «የቱ ጋ ይነካሻል? እዚህስ? እግርሽን ስታነሽውስ?» ይላታል። ሜትሩን ይዞ ጀርባዋን፣ ዳሌዋን፣ ጭኗን ይለካል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን፣ «የሬሳ ሣጥን የሚሠራ እንኳን አንዴ ነው የሚለካው።»

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዲህ አትበይ» ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ያን ቀን አልሠራም።

የመጀመሪያው ወንበር አለቀ። እትዬ ተቀመጠችበት፣ ጀርባዋን ለቀቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ጥሩ ነው። እንሂድ» አለች። እኔ ሻንጣ ላዘጋጅ ዞርኩ። ጋሼ ግን አላመናትም፤ ቆሞ ያያታል። ብዙ ቆይታ ትንሽ ወደ ግራ ዳሌዋ ዘንበል አለች። እኔ ብሆን አላየውም ነበር። «ዋሸሽኝ» አላት። «ቀኙ ጋ ይወጋሻል።»

«ትንሽ ነው እኮ። እችለዋለሁ።»

«እዚህ ቆሞ ትንሽ የሆነው መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን አይተነዋል።» ፈታው። ስፌቱን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ቆዳው አንዴ ከተበሳ ስለማይመለስ ሌላ ቆዳ ፈለግን። የምንፈልገውን ያህል ለስላሳ ቆዳ እስኪመጣ ሰነበተ። ቆዳው ሲመጣ ክረምቱ ገባ፤ ማስቲሹ እምቢ አለ፣ አልደርቅም አለ። ሁለተኛው ወንበር ሲያልቅ ደግሞ እትዬ ከስታለች። በመጀመሪያው ልክ የተቀረጸው ጎድጓዳ ሰፋት፤ ውስጡ ወዲያና ወዲህ አለች። «ይሄ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ይንጣታል» አለ ጋሼ። አሁንም ፈታው። ሦስተኛውን ሲጀምር እሷ እየከሳች ነው፤ እሱ ይለካል፣ ልኩ ይሸሸዋል። ሰውነቷን ሊደርስበት ይሮጣል፣ ሰውነቷ ደግሞ እየጠፋ ነው። ይሄን ከኛ ሙያ ሰው በቀር ማን ይሳሳታል? ሌላው ሰው ፍራሽ አንጥፎ ይሄድ ነበር።

ፍሬን የለሽም ያለው ይሄንኑ ነው። «ሰውዬ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ አልጋ? የወንድሜን ሚኒባስ ላምጣ። ወንበሩን ነቅለን ፍራሽ ደርበን እናስተኛትና ነገ እንውሰዳት።»

«እንደ ዕቃ?»

«እንደ ዕቃ ትሂድ። ዕቃ እንኳን ይደርሳል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ጋሼ።

«የዘገየውስ? የዘገየው ምን ለቀመ?» ፍሬን የለሽ ያን ጊዜ ብቻ ነው ወሬ ጀምሮ ሲያቆም ያየሁት። መፍቻውን አስቀምጦ ሄደ፤ ለብዙ ጊዜ ወደ እኛ ቤት አልዞረም።

እኔም ዝም አላልኩም፤ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሦስተኛውን ሊፈታ መቀሱን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። «ጋሼ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? እግሯ ድንዛዜው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ትናንት ብርጭቆ ሳቀብላት ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከረች። ያለው ይበቃል፤ እንሂድ።»

«አንቺ ያን ቀን መንገድ ዳር አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ።»

«እኔ ደግሜ አላይም» አለኝ። እጁን አስለቀቀኝና ቆረጠው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለሷ ብዬ ነው ይላል፣ ከልቡም ያምናል። ግማሹ ግን ለራሱ ነበር። የሷን ሕመም ማየት አይችልም። እሷ ትችለው ነበር፤ የማይችለው እሱ ነው። ይሄን ፊቱ ላይ ብነግረው ይገድለዋል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሄጄ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ፣ ክር አስገባሁ። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው፤ እሷን ተሸክሜ በእግሬ አልሄድ።

አራተኛው ወንበር አለቀ። እትዬ ተቀመጠችበት፤ ጋሼ አያት፣ ቆየ፣ አሁንም አያት። አልተንቀሳቀሰችም። እንዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት፤ ግቢው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ እንደተከፈተ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ከአውቶቡሱ ቀን ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሳን። እኔ ኋላ ነበርኩ፤ ሐኪሙ ለኮት ወይ ለጠላት ባሉት ቦታ፣ እግሬን ጎን ለጎን አጣጥፌ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር። «እንደ ጃንጥላ ታጠፍሽ» ብላ እትዬ ሳቀችብኝ። ስለ መኪናው ግን እውነቱን ልናገር፤ እንደዚያ ያለ ነገር ተቀምጬበት አላውቅም። ያ አውቶቡሱ የዘለለበት መንገድ ጠፋ። ጉድጓዱ ሲመጣ ከሥራችን አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ጋሼ ማርሹን ሲቀይር አይታወቅም። ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል፤ መስኮቱን ዘግተን በሹክሹክታ ማውራት እንችላለን። ፍጥነቱን ያየሁት ወደ ኋላ በሚሮጡት ዛፎች ነው። አውቶቡሶቹን አንድ በአንድ አለፍናቸው። ያን ቀን የወረድንበት ቦታ ስንደርስ ጋሼ መሪውን ጨበጠ፣ እኔ አንገቴን አስግጌ አየኋት። እትዬ ተኝታ ነበር።

ጀምበር ሳትጠልቅ ደረስን። ሆስፒታሉ በር ላይ ጋሼ ወርዶ በሯን ከፈተላት። እጁን ይዛ ወጣች። የደነዘዘው እግሯ ቢጎተትም ቀጥ ብላ ቆመች። «አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ምንም አላመመኝም።» እዚያው በር ላይ፣ ጥበቃው እያየ፣ ግንባሯን ሳማት። እኔ ከኋላ እግሬን ለመዘርጋት እየታገልኩ አየኋቸው። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ መረመሯት፣ አዲስ ፎቶ አነሷት። ከሰዓት በኋላ ጋሼንና እኔን ጠሩን፤ እትዬ አልጋ ላይ ቀረች። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ሁለቱን ፎቶዎች፣ የድሮውንና የአሁኑን፣ መስኮቱ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ለጠፋቸው። እኔ ፎቶ ማንበብ አላውቅም። ግን በአንዱ ላይ ያለው ነጭ ነገር የባቄላ ፍሬ ያህል ነው፤ በሌላው ላይ አከርካሪዋን አቅፎ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄዷል።

«በዚህኛው ጊዜ ብትመጡ እናወጣው ነበር» አለ፣ የድሮውን ፎቶ በጣቱ እየነካ። «አሁን አይነካም። ምን አቆያችሁ?»

ጋሼ አፉን ከፈተ። «መኪናው» አለ። «ወንበሩን እየሠራሁ… እንዳያማት ብዬ ነው። አውቶቡሱ አልሆነላትም፤ ጀምረነው ነበር። በጣም አመማት።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለን። በግራ መጋባት ብቻ አየው። «ሕመም ብቻ ነበር? ማለቴ፣ ራሷን ሳተች? መተንፈስ አቃታት?»

«የለም። ያማታል። ትጮኻለች፤ እንጃ፣ ያማታል።»

«አዎ» አለ ሐኪሙ፣ «ያማታል።»

ሌላ የተናገረው ካለ አልሰማሁም። በክፍሉ በር በኩል ኮሪደሩ ይታያል። አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወለል ላይ፣ ካርቶን ላይ የተኙ ሰዎች አሉ። አንዲት አሮጊት ወገቧን በነጠላ ጠፍራ በጎኗ ተኝታለች፤ ልጇ በጭነት መኪና ላይ እንዳመጣት ጠዋት ስትነግረኝ ነበር። ተራዋን እየጠበቀች ነው፤ አከርካሪዋ ላይ የበቀለውን ሊያወጡላት ነው። ጋሼ እሷን ያያል። ዓይኑን ከሷ ላይ ማንሳት አቃተው።

ለእትዬ ምንም አልነገርናትም። መድኃኒት ታዘዘልሽ፣ እቤት ሆነሽ ትወስጃለሽ አልናት። እሺ አለች፣ አልጠየቀችም። ስንመለስ ያው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ያው ምቾት። መንገዱ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ግማሽ ላይ ስንደርስ እትዬ እጇን አንስታ ማርሹን በያዘው እጁ ላይ አስቀመጠች።

«ቀስ በል» አለችው።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ቶሎ አንድረስ።»

ጋሼ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ያለፍናቸው አውቶቡሶች ሁሉ ተራ በተራ አለፉን። የጭነት መኪና አለፈን፤ ከላይ የተቀመጡት ወዛደሮች ይሄን የመሰለ መኪና እንደ ኤሊ ሲሄድ አይተው ሳቁብን። እኔ ኋላ ተጣጥፌ፣ ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ እንዳይሰሙኝ አለቀስኩ። እነሱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበር።

ብዙ አልቆየችም። መጨረሻ ላይ ሕመሙ አውቶቡሱ ላይ ከነበረው የባሰ ሆነ፤ ወንበርም ፍራሽም የማይመልሰው። ጋሼ ያን ሁሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አየው። አላይም ያለውን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ አየ። ስትቀበር ፍሬን የለሽ መጥቶ ከኋላው ቆመ፤ ክንዱን ያዘው። መኪናውን ለጥርስ ሐኪሙ መለስን። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ተቀመጡበት። ለቀጭን ሰው ነው የተሠራው፤ አልበቃቸውም።

ጋሼ አሁን ይሠራል። ሥራ የፈታ እንዳይመስላችሁ፤ እንደውም ከድሮው ይበልጥ ይሠራል። ጠዋት የገባ ወንበር ከሰዓት ይወጣል። ደንበኛው በዝቷል፣ አስቀማጩ ድሮ ያደክም ነበር፣ አሁን ፈጣን ሆነ ይላሉ። ማንንም አይጠይቅም። አይለካም። በዓይኑ ገምቶ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ ያወጣል። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ሲሞክር አይቼው አላውቅም።

ባለፈው አንድ የአገር አቋራጭ ሹፌር ወንበሩን ሊወስድ መጣ። እኔ ከማሽኑ ተነስቼ አየሁት። የግራው ጎን ስፖንጅ ዝቅ ብሏል፤ ሁለት ቀን ቢነዳበት ወገቡ ይቆረጣል። ጋሼን ወደ ጎን ጠራሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ጠማማ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያመዋል እኮ።»

«ይመመው» አለኝ። «ይድረስ ብቻ።»

ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ አወጣለት።